ያለፉት

ከፒየሊነን ሐይቅ ዳር፣ የተዘጋው ፋብሪካ፣
ድሮ ወተት ነበር በውስጡ ሚለካ፤
አሁን ግን በነጩ፣ በሸክላው ወለል ላይ
አሥራ ዘጠኝ መኪና ቆሟል ግድግዳ ሲያይ።

አርሞ ነው ስሜ፣ ቁልፉን የምይዘው፤
ብርድ የገባው ሞተር ሲያቃስት የማግዘው፤
ጎማ ላይ ምስማር ስተክል ጣቴን ያቆሰልኩለት፣
ሃያ ሁለት ክረምት ሰዓት የያዝኩለት።

አለቃዬ ኦይቫ ራውታላ፣ የታንጎ ዘፋኝ፣
ሲያዜም ዝግ ብሎ ነው፣ እንደ ልቅሶ ደራሽ፣ እንደ አዛኝ፤
አንዲቷን ቃል ይዞ፣ ጎትቶ ጎትቶ፣
ሳይጨርስ ይቀድመዋል ያዳራሹ እንባ ፈስቶ።
ከመድረክ ሲወርድ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤
የሐር ከረባቱን መሪ ላይ ይፈታል፣
ያ ሲያለቅስ ያመሸ ድምፅ «ሂጂ!» እያለ ይጮኻል።

ጋዜጠኛ መጣ አንዴ፣ ከሄልሲንኪ ድረስ፤
ፎቶ አንሺው ጎንበስ፣ ቀና ሲል፣ ሲተራመስ፣
«የድል ሰልፍ!» ብለው ጻፉ በትልቁ ርዕስ።
ኦይቫ ዝም አለ፤ እኔም ሳቄን ይዤ
መስታወት ወለወልኩ ከኪሴ ጨርቅ መዝዤ።

ድል አይደሉማ! እኔ ነኝ የማውቀው፤
ይኼ ቀዩ ላንቻ ኩርባ ላይ የጣለው፣
ያ አረንጓዴ ሳብ በረዶ ያለበሰው፣
ጥቁሩ ፖርሽ ደግሞ፣ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው
አፍንጫው ሥር ሾልኮ ባንዲራ የነጠቀው።

ሲሸነፍ አይናደድም፤ ጓንት አውልቆ ይመጣል፤
ሞተሩ ሳይበርድ ገና «ስንት ነው?» ይላል፤
የረታችውን ገዝቶ ከቤቱ ያስገባል።
ከዚያ ወዲያ አይነዳትም፣
ሸራ እንኳ አያለብሳትም፣
ወንበር ስቦ ያያታል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ዋጋቸውን ብትሉኝ በእንባ ነው ማሰላ፤
ሳቡ አንድ በጋ ሙሉ የዳንስ ምሽት ነው፣ ከነዕዳው ሌላ፤
ፖርሹ የሁለት ዓመት የመበለት እንባ፣
ከሸክላ የወጣ፣ ሸክላ ላይ የገባ።
«የቸኮለ» ይላል ተረት «አፍሶ ለቀመ»፤
እሱ ሰከንድ አፍሶ፣ ብረት ለቅሞ ቆመ።

አምና በየካቲት፣ በረዶው ክንድ ሲወፍር፣
ሄልካ የምትባል ልጅ መጣች ከማዶ ሰፈር፤
ሃያ እንኳ ያልሞላት፣ ከላም ሥር የተነሣች፣
ከቦት ጫማዋ ላይ ድርቆሽ ያላራገፈች፣
እየነዳች መጣች፦
ላዳ!
ሰማያዊ ላዳ፣ አንድ በሯ ቢጫ የነበረ፣
ጭስ ማውጫዋ ደግሞ በሽቦ የታሠረ።
ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኦይቫ እጅ ነሣላት፤
ባንዲራው ወረደ፤ በረዶው ሰማይ ወጣ፤ አላየኋት።

ስድስተኛው ዙር ላይ ከብናኙ ወጣች፤
እሱ ፍሬን ሲነካ፣ እሷ ነዳጅ ሰጠች፤
ጎን ለጎን ተንሸራታ፣ በሩን በበር ነክታ፣
አለፈችው። ክላክስ አንዴ፣ እንደ ይቅርታ።

«ስንት ነው?» አላት፣ ቅንድቡ እንደነጣ።
«አይሸጥም።»
«እጥፉን?»
«ታዲያ ሥራ በምን ልምጣ?
ላም አይጠብቅም እኮ!» ፔርሙዟን ከፈተች፣
ሻይ ቀዳችለት፣ ስኳር ጨመረች፣
ሳይጨርሰው ላዳዋን አስነሥታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እዚህ፣ ከላንቻው በስተግራ፣
ባዶ ቦታ አለ፣ አምፖሉ የሚበራ።
ራሱ ይጠርገዋል፤ «አርሞ፣ ምንም አታኑርበት»
ይለኛል በየማታው፣ ባልዲ እንኳ ባቆምበት።
አሥራ ዘጠኝ ያለፉት ግድግዳ ያያሉ፤
አንዲት ያለፈችው ግን መንገድ ላይ ናት አሉ፣
ወተት ተሸክማ።

ዛሬ ሌሊት ደግሞ ከኮንሰርት ተመለሰ፣
ከረባቱን ሳይፈታ ባዶው ቦታ ደረሰ፤
መሐሉ ላይ ቆሞ ያቺን ዜማ ጀመረ፣
ያቺን ዝግ ያለችውን፤ ድምፁ ብረቱን፣ ሸክላውን ዞረ።
አንዲቷ ቃል ላይ ሲደርስ፣ እንደ ልማዱ ጎተታት፤
የሚያለቅስ አልነበረም፣ የሚቀድመው ሰው ጠፋላት።

ልማድ ሆኖብኝ ሰዓቱን ከኪሴ አወጣሁት፤
አየሁት።
ሳልጫነው መለስኩት።